አቅም የሚፈቅደው ስካነር ለ120 ኔጋቲቮች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ከቤተሰብ የተላለፈልኝ የ120 ፊልም ኔጋቲቭ ክምችት አለ። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ሲሆን እኩል ጎን ያላቸው 6 በ6 ምስሎች ይበዙበታል፤ በታጣፊ ካሜራ የተነሡ 6 በ9 ምስሎችና ጥቂት የቀለም ኔጋቲቮችም ይገኙበታል። ይህን ክምችት ወደ ዲጂታል ፋይል የሚገለብጥ፣ ዋጋውም ከአቅሜ የማያልፍ ጠፍጣፋ ስካነር መምረጥ፣ ከተመረጠም በኋላ የሚችለውን ሁሉ እንዲሰጥ ማድረግ የዚህ ማስታወሻ ጉዳይ ነው። ሥራው በተራመደ ቁጥር እየጨመርኩ እጽፋለሁ።

120 ፊልምን ኮዳክ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን እስከ ዛሬም ይመረታል። የፊልሙ ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ብቻ የሚሠሩት ትናንሽ መሣሪያዎች ገና ከጅምሩ ከምርጫው ይወጣሉ። 6 በ6 የሚባለው ምስል በተግባር ሲለካ 56 በ56 ሚሊ ሜትር፣ 6 በ9 የሚባለው ደግሞ 56 በ84 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስሌቴን ሁሉ የምሠራው በእነዚህ ልኮች ነው።

ምን ያህል ዝርዝር ይበቃኛል?

ዋጋ ከማየቴ በፊት ፍላጎቴን በቁጥር ማስቀመጥ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ፍላጎቱን ያልወሰነ ገዢ የሚመራው በማስታወቂያው ቁጥር ነው። ከአንድ 6 በ6 ኔጋቲቭ 30 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥሩ ኅትመት ማውጣት ከቻልኩ ይበቃኛል። 56 ሚሊ ሜትር 2.2 ኢንች ነው፤ ስካነሩ በእያንዳንዱ ኢንች 1600 ነጥብ በእውነት ከለየ በአንድ ጎን 3500 ያህል ፒክሰል ይገኛል፤ ይህም በኢንች 300 ፒክሰል ሲታተም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ፒክሰል ያህል ማለት ነው።

በዚሁ መሣሪያ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቢነበብ የሚገኘው ግን 3.4 ሚሊዮን ፒክሰል ብቻ ነው። ስለ ጠፍጣፋ ስካነሮች የሚነገረው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ ለትንሿ ምስል የማይበቃው ሌንስ ለትልቋ ምስል ይበቃል፤ ስለዚህ የ120 ፊልም ባለቤት በ35 ሚሊ ሜትር ተጠቃሚ ፍርድ ተመርቶ ርካሹን መሣሪያ መናቅ የለበትም። እንደ ኒኮን ኩልስካን 9000 ያሉት ለፊልም ብቻ የተሠሩ ስካነሮች በኢንች 4000 ነጥብ የሚያነቡ ድንቅ መሣሪያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ምርታቸው ከቆመ ቆይቷል፤ ያገለገሉትም ቢሆኑ የሚሸጡበት ዋጋ እኔ ካሰብኩት ብዙ እጥፍ ነው። ኔጋቲቭን በዲጂታል ካሜራና በማክሮ ሌንስ ፎቶ ማንሣትም አንድ መንገድ ነው፤ ሆኖም ሌንሱም፣ መቆሚያውም፣ የብርሃን ሰሌዳውም የሌለው ሰው ሁሉንም ልግዛ ቢል ከስካነር ያነሰ ወጪ አያወጣም።

የማስታወቂያው ቁጥርና እውነቱ

የኤፕሰን ቪ600 ማሸጊያ 6400፣ የካነን ካኖስካን 9000ኤፍ ደግሞ ለፊልም 9600 ነጥብ በኢንች ይላል። ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም፤ የሚናገሩት ግን ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚያነበው ክፍል፣ ምን ያህል ነጥብ እንደሚወስድና ሞተሩ ምን ያህል ትንሽ እርምጃ እንደሚራመድ ነው። ከፊልሙ ተነሥቶ ፊልሙ በሚያርፍበት መስታወት፣ ብርሃኑን በሚያንጸባርቁት የውስጥ መስታዋቶችና በትንሿ ሌንስ አልፎ ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ምስል ቀድሞ ከደበዘዘ፣ የደበዘዘውን ምስል በብዙ ነጥብ መቁጠር ፋይሉን ከማግዘፍ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። በሙከራ ሰሌዳ ሲለኩ ቪ600 በ1600 አካባቢ፣ 9000ኤፍ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የተሻለ ሌንስ ያለው ቪ700 ደግሞ በ2300 አካባቢ ይገኛሉ። ይህ የአንድ አምራች ጉዳይ ሳይሆን የጠፍጣፋ ስካነር ሁሉ ባሕርይ ነው፤ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባውም የተለካውን ቁጥር ነው።

ሌላው ዋጋ የሚያስጨምር ቁጥር ዲማክስ ይባላል፤ ስካነሩ ምን ያህል ጥቁር በሆነ የፊልም ክፍል ውስጥ አልፎ ዝርዝር ማየት እንደሚችል የሚገልጽ ነው። ቪ600 ላይ 3.4፣ ቪ700 ላይ 4.0 ተብሎ ተጽፏል። ስላይድ ፊልም፣ ማለትም ምስሉ ሳይገለበጥ በትክክለኛ ቀለሙ የሚታይበት ፊልም፣ ላለው ሰው ልዩነቱ ዋጋ አለው፤ የስላይድ ጥቁር ክፍል ከ3 በላይ ይደርሳልና። በአግባቡ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ግን ከ2 ማለፉ እምብዛም ስላልሆነ የእኔ ክምችት ለዚህ ቁጥር ተጨማሪ ገንዘብ እንድከፍል አያስገድደኝም።

ወዲያው የሚወጡት

ቀጫጭኖቹና ቀላሎቹ ስካነሮች፣ ለምሳሌ የካነን ላይድ ተከታታይ ምርቶችና ኤፕሰን ቪ39፣ ሲአይኤስ የሚባለውን ሴንሰር የሚጠቀሙ ናቸው። ሴንሰሩ ከመስታወቱ ሥር ተጠግቶ የሚያነብ በመሆኑ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ይደበዝዝበታል፤ ክዳናቸው ውስጥም ፊልሙን ከላይ የሚያበራ መብራት የለም። ለወረቀት መልካም ናቸው፤ ለኔጋቲቭ ግን አይሆኑም።

አሳሳቹ ቡድን ሁለተኛው ነው። ፊልም ያነባል ተብሎ በእውነትም የሚያነብ፣ ነገር ግን የክዳኑ መብራት መስኮት ለ35 ሚሊ ሜትር ብቻ የጠበበ ስካነር ብዙ አለ። ሻጩ የሚለውን ከመስማት ይልቅ ክዳኑን ገልብጦ፣ ነጩን መሸፈኛ አውጥቶ፣ የመስኮቱን ስፋት በማስመሪያ መለካት ነው፤ ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ንግግሩ እዚያው ያበቃል።

የቀሩት ዕጩዎች

ማጥሪያውን ያለፉት ኤፕሰን 4490፣ 4990፣ ቪ550፣ ቪ600ና ቪ700፣ እንዲሁም ካነን 9000ኤፍ ናቸው። ከእነዚህ 4990ና ቪ700 የመብራት መስኮታቸው 8 በ10 ኢንች የሚደርስ በመሆኑ ከ120 የሚበልጥ ፊልምም ያስተናግዳሉ። ቪ600 በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ቁራጭ 120 ፊልም ብቻ ነው፤ በችኮላ ለሚሠራ ሰው ያሰለቻል፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ስለማስተካክል ይህ አያጎድልብኝም።

ስለ መብራቱ ትንሽ ልጨምር። ቪ700ና ከእርሱ በፊት የነበሩት 4490ና 4990 የፍሎረሰንት ዓይነት መብራት ስላላቸው ከማንበባቸው በፊት እስኪሞቁ ይጠበቃል፤ መብራቱም በዕድሜ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቪ600 ግን በኤልኢዲ ስለሚሠራ ሳይጠብቅ ይጀምራል፤ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ደግሞ የመብራቱ ዕድሜ ከሚያሰጋ ነገር አንዱ ይቀነስለታል። በተጨማሪ የማየው የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር ነው። የአምራቹ ፕሮግራም አዲስ ኮምፒውተር ላይ ባይሠራ እንኳ ቪውስካን የሚባለው ፕሮግራም በርካታ አሮጌ ስካነሮችን ስለሚያንቀሳቅስ በሩ አይዘጋም፤ ዋጋው ግን ከስካነሩ ዋጋ ጋር መደመር አለበት።

ያገለገለ ስካነር ምርመራ

ለማየት የሄድኩበት የመጀመሪያው ስካነር ከውጭ ሲታይ እንደ አዲስ ነበር። ፊልም ሳላስገባ ባዶውን የመብራት መስኮት በ1200 ነጥብ አስነብቤ በማሳያው ላይ ንፅፅሩን ከፍ ሳደርገው ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። ስካነር ሥራ ሲጀምር በመስኮቱ ጫፍ ባለ ባዶ ቦታ ላይ መብራቱን ይለካና የሴንሰሩን እያንዳንዱን ነጥብ በዚያ ያስተካክላል፤ በዚያ ጫፍ ላይ አንድ የአቧራ ቅንጣት ካለ ስሕተቱ ምስሉን ሁሉ እየተከተለ መስመር ይሆናል። ስለዚህ መስታወቱን ጠርገን ደግመን ሞከርን፤ መስመሩ አልጠፋም። አቧራው ከመስታወቱ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ምናልባትም በመስታዋቶቹ ላይ ነበረና ትቼው ተመለስኩ። ከፍቶ ማጽዳት የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን መስታዋቶቹ የሚያንጸባርቁት በፊት ገጻቸው ስለሆነ በጨርቅ ሲነኩ በቀላሉ ይጫጫራሉ፤ ሊሸከመው የማይገባ ሥጋት ነው።

ከዚያ በኋላ ለማየት ስሄድ የምከተለው ሥርዓት ተረጋጋ። ባዶ ንባብ እወስዳለሁ፤ የእጅ ባትሪ በመስታወቱ ላይ በአግድም እያበራሁ ከውስጠኛው ገጽ ጉም መሰል ሽፋን መኖሩን አያለሁ፤ ይህ ጉም በአሮጌ ስካነሮች ውስጥ የተለመደ ሲሆን የምስሉን ንፅፅር ያደክማል። ሞተሩ ሲሄድ አንድ ዓይነት ድምፅ ማሰማቱን አዳምጣለሁ። በመጨረሻም የ120 ፊልም መያዣው መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ የተሻለ ሌንስ ያላቸው ሁለት ስካነሮች በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ነበር፤ መያዣቸው ግን ጠፍቷል፤ መያዣው ለብቻው ሲገዛ የዋጋው ብልጫ ይጠፋል።

ግዢው

ያገለገለ ኤፕሰን ቪ600 ገዛሁ። ባዶ ንባቡ ንጹሕ ነው፤ መስታወቱ ጉም የለውም፤ ሁለቱም መያዣዎች አሉ። በ1600 አካባቢ ያለው እውነተኛ ሪዞሉሽኑ ካሰላሁት ፍላጎት ጋር ይገጥማል፤ ቪ700 የሚጨምረው ዝርዝርም የዋጋውን ልዩነት ያህል አያስፈልገኝም።

የፊልሙ ከፍታ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ከሥራው ሁሉ የበለጠ ፍሬ ያገኘሁበት በመሆኑ ነው። የቪ600 ሌንስ ፎከሱ የማይንቀሳቀስ ነው፤ ከመስታወቱ በላይ በተወሰነ ከፍታ ላይ ያለውን ብቻ አጥርቶ ያያል። የፊልም መያዣው የተሠራው ፊልሙን በዚያ ከፍታ ላይ እንዲይዝ ነው፤ ሆኖም አንዱ ስካነር ከሌላው፣ አንዱ መያዣ ከሌላው በግማሽ ሚሊ ሜትር መለያየቱ የሚጠበቅ ነው፤ ያም ግማሽ ሚሊ ሜትር በምስሉ ላይ ይታያል። የቪ700 መያዣ እግሮች ከፍ ዝቅ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለቪ600 ግን ሥራውን በእጅ መሥራት ያስፈልጋል።

ለመለካት የተጠቀምኩት በመስታወት ላይ የታተመውን ዩኤስኤኤፍ 1951 የሚባለውን የሙከራ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው እየቀጠኑ የሚሄዱ ሦስት ሦስት ትይዩ መስመሮች በቡድንና በተራ ቁጥር ተደርድረውበታል፤ ዓይን መስመሮቹን ለይቶ ማየት የሚችልበት የመጨረሻው ተራ የመሣሪያውን አቅም ይነግራል። አንድ ጥቁር መስመርና አንድ ነጭ ክፍተት ጥንድ ይባላሉ፤ አንዱን ጥንድ ለመለየት ቢያንስ ሁለት ነጥብ ስለሚያስፈልግና ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በሚሊ ሜትር የተለየውን የጥንድ ብዛት በ50.8 ማባዛት ነጥብ በኢንችን ይሰጣል።

ሰሌዳውን መጀመሪያ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አስቀምጬ አነበብኩ፤ ደብዛዛ ነበር። በመያዣው ከፍታ ላይ ሳደርገው ቡድን 4፣ ተራ 6 ተለየ፤ ይህ በሚሊ ሜትር 28.5 ጥንድ ሲሆን በኢንች 1450 ያህል ነጥብ ነው። ከዚያ ተራ የቢሮ ወረቀት በቀጫጭኑ ቆርጬ ከመያዣው እግሮች ሥር ማስገባት ጀመርኩ። የአንዱ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከፍታውን ደረጃ በደረጃ ለመጨመር ከዚህ የሚመች ነገር አላገኘሁም። ሦስት ወረቀት ሲሆን ለውጡ በጭንቅ የሚታይ ነው፤ አምስት ወረቀት ላይ ቡድን 5፣ ተራ 1 ጥርት ብሎ ወጣ፤ 32 ጥንድ፣ ማለትም በኢንች 1600 ከፍ ያለ። ስምንት ወረቀት ላይ ወደነበረበት መመለስ ጀመረ፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ደግሞ መስመሮቹ ተቀላቀሉ። ንባቡን ሁሉ በ3200 ነጥብ ማድረጌ አስፈላጊ ነበር፤ በ1600 ቢነበብ ኖሮ የሌንሱ ድክመትና የነጥቡ ማነስ ተደበላልቀው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ሰሌዳ የሌለው ሰው በአንድ ኔጋቲቭም ሊሠራው ይችላል፤ የፊልሙን አንድ ጫፍ መስታወቱ ላይ አሳርፎ ሌላውን ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ በማድረግ አንብቦ፣ የፊልሙ ቅንጣት ከሁሉ ይልቅ የጠራበትን ቦታ መፈለግና የዚያን ቦታ ከፍታ ማስላት ነው። ወረቀቶቹን ባለ አንድ ውፍረት በሆነ ፕላስቲክ ተክቼ በመያዣው አራት ማዕዘኖች ላይ በማጣበቂያ አሰርኋቸው።

የሚጠመዘዘው ፊልም

ትክክለኛው ከፍታ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ችግር ፊልሙ ራሱ በዚያ ከፍታ ላይ አለመርጋቱ ነው። ለዓመታት ተጠቅልለው የቆዩት ቁራጮች በመያዣው ውስጥ መሐላቸው ይጎብጣል፤ ጠርዙ ጥርት ብሎ መሐሉ ይደበዝዛል። ከከባድ መጻሕፍት በታች ማሳደር የቀለሉትን አስተካክሏል፤ ግትሮቹን ግን አላሸነፈም። ለእነርሱ ገጹ በጥቂቱ የተሻከረ የኒውተን ቀለበት መከላከያ መስታወት በመያዣው መስኮት ልክ አስቆርጬ ከላይ ጫንኩባቸው። ተራ መስታወት አይሆንም፤ የፊልሙ አንጸባራቂ ጀርባ ለስላሳ መስታወት ሲነካ በመካከላቸው በሚቀረው እጅግ ቀጭን አየር ምክንያት ብርሃኑ ተደራርቦ ክብ ክብ ሞገድ ይፈጥራልና፤ እነዚያን ቀለበቶች በኋላ ከምስል ላይ ማጥፋት አድካሚ ነው። መስታወቱ ግን ሌላ ሁለት ገጽ ስለሚጨምር አቧራውም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ስለዚህ የምጠቀመው ለሚጠመዘዙት ብቻ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በመያዣው ጫፍ ላይ ያለውን የመለኪያ ክፍተት መስታወቱም ሆነ ማጣበቂያው እንዳይሸፍነው መጠንቀቅ ይገባል፤ ከተሸፈነ ከላይ የገለጽኩት መስመር በራስ እጅ ይፈጠራል።

የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ንባቦች

ጥቁርና ነጩን በ16 ቢት ግራጫ፣ በ3200 ነጥብ ማንበብን መርጫለሁ። አንድ 6 በ6 ምስል 7000 በ7000 ፒክሰል፣ ፋይሉም 100 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በ6400 ቢነበብ ፋይሉ አራት እጥፍ ይገዝፋል፤ ዝርዝሩ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። ከጽዳትና ከማስተካከያ በኋላ መጠኑን በግማሽ አሳንሰዋለሁ፤ ይህም የፊልሙን ቅንጣት ያለሰልሳል፤ የሚጠፋም ቁም ነገር የለም።

የፕሮግራሙን ራስ ሰር ማስተካከያ ሁሉ አጥፍቻለሁ። የሂስቶግራሙን፣ ማለትም በምስሉ ውስጥ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሁለት ጫፎች ከምስሉ መረጃ ትንሽ አሳልፌ በእጄ አስቀምጣለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ፋይሉ ፈዛዛ መስሎ ይወጣል፤ ነገር ግን ከሰማዩም ከጥላውም የተቆረጠ ነገር አይኖርም፤ ንፅፅሩን በኋላ መጨመር ቀላል ነው። ሹራብ የለበሰ የአንድ ሰው ምስል ለሙከራ ወስጄ ከፍታው ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ አነጻጽሬዋለሁ፤ በፊተኛው ሹራቡ አንድ ወጥ ግራጫ ነበር፤ በኋለኛው ክሩ የተቆላለፈበት እያንዳንዱ ረድፍ ይለያል። በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ዲጂታል አይስ የሚባለውን የአቧራ ማጥፊያ ለእነዚህ አልተጠቀምኩም። ዘዴው ለዓይን በማይታየው በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ነው፤ የቀለም ፊልም ማቅለሚያ ኢንፍራሬድን ሲያሳልፍ አቧራና ጭረት ግን ያግዱታል፤ መሣሪያው የታገደበትን ቦታ ለይቶ ይሞላዋል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ምስሉን የሠራው ብር የተባለው ማዕድን ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚያግደው መሣሪያው ምስሉን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ለጥቁርና ነጭ የሚረዳው የጎማ አየር መንፊያ፣ ንጹሕ ክፍልና ትዕግሥት ነው።

የቀለም ኔጋቲቮቹ

እዚህ ኢንፍራሬዱ በአግባቡ ሠርቷል፤ በእጅ የማጽዳቱን ብዙ ሰዓት ቀንሶልኛል። አስቸጋሪው ብርቱካናማው የፊልም መሠረት ነው፤ የፕሮግራሙ ዝግጁ ማስተካከያ ጥላዎቹን ወደ ሰማያዊ ይጎትታቸዋል። የሦስቱን ቀለሞች ጫፎች ለየብቻ በእጅ ማስቀመጥ ይህን አርሞልኛል።

አሁን ያለሁበት

6 በ6ዎቹ እየተጠናቀቁ ነው፤ ቀጥለው 6 በ9ኞቹ ይገባሉ። የታጣፊው ካሜራ ሌንስ ጠርዙ ላይ ደካማ ስለነበረ በብዙዎቹ ላይ ወሰኑ ስካነሩ ሳይሆን ኔጋቲቩ ራሱ ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊታተሙ የሚገባቸውን ጥቂት ምስሎች ለብቻቸው በአንድ ፖስታ እያስቀመጥኩ ነው፤ እነርሱን የተሻለ መሣሪያ ላለው ላቦራቶሪ ሰጥቼ አስነብባቸዋለሁ፤ ለጥቂት ምስል በእያንዳንዱ ምስል ሒሳብ መክፈል ውድ ስካነር ከመግዛት ይረክሳል። እስከዚያው የእነርሱም የቪ600 ንባብ ተቀምጧል።